ሁለት ጊዜ የተለቀሰላቸው ዓሣ ቆጣሪ፦ የአቶ ማንደፍሮ አክሊሉ የሕይወት ታሪክ

አቶ ማንደፍሮ አክሊሉ ከአባታቸው ከአቶ አክሊሉ ወንድይራድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቅዬ ደምሴ ሐምሌ 12 ቀን 1944 ዓ.ም. በዝዋይ ሐይቅ ዳር ተወለዱ። አባታቸው ወደ ደሴቶቹ ሰውና እህል የሚያመላልሱ ጀልባ ቀዛፊ ነበሩ። እናታቸው የልጆቹም የጀልባውም አዛዥ ነበሩ፤ ከሕጎቻቸውም አንዱ ሕይወት ያለው ነገር በአፍ አይቆጠርም የሚል ነበር። ልጅ አይቆጠርም፣ ከብት አይቆጠርም፣ የተሳፈረ ሰውም አይቆጠርም። «ቁጥር ስትጠራ የሚሰማህ አንተ ብቻ አይደለህም» ይሉ ነበር። ስለዚህ አባትየው ሰው ሲሳፈር ለእያንዳንዱ አንድ ጠጠር ከቀኝ ኪሳቸው ወደ ግራ ኪሳቸው ያዛውራሉ፤ ሲወርድ መልሰው ያዛውራሉ። ማንደፍሮ በሰባት ዓመታቸው አንድ ቀን ከአባታቸው ጋር ተሻግረው ሲመለሱ ሰው ሁሉ ወርዶ አንድ ጠጠር በግራ ኪስ ቀረ። አባትየው ጀልባውን አዙረው እስከ ጨለማ ድረስ ሐይቁን አሰሱ። ማንም አልተገኘም፤ ማንም ሰው ጠፋብኝ ብሎ የመጣም የለም። አቶ ማንደፍሮ ይህን ሲያወሩ ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙት ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ፣ ሁለተኛ ደረጃን በናዝሬት አጠናቀው በአዲስ አበባ የቴክኒክ ሙያ ተማሩ። በ1965 ዓ.ም. በውሃ ልክ አንባቢነት ተቀጥረው በአዋሽና በዋቢ ሸበሌ ዳር የተተከሉ ባለ ቁጥር ምሰሶዎችን እየተዘዋወሩ ያነቡ ጀመር። ወሬ የሌለበት፣ ጎረቤት የሌለበት ሥራ ነበር። እርሳቸው ግን ወደዱት። በ1972 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ተሰደው ሦስት ዓመት በካርቱም ከቆዩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1983 ኦክላንድ ገቡ። በዚያም በአንድ ሆቴል የጥገና ሠራተኛ ሆነው አሥራ አምስት ዓመት ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1988 ከወይዘሮ መንበረ ኃይሉ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጋቡ፤ በ1990 አንዲት ልጃቸው ዳኒኤላ ተወለደች። ከ1998 ጀምሮ በሳን ሆዜ አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኞች ሚኒባስ ሾፌር ነበሩ።

ቀሪውን ሕይወታቸውን የወሰነው ነገር የደረሰው በኖቬምበር 2002 በአንድ የሥራ ቀን ነው። ከማረፊያው አጥር አጠገብ የጓዳሉፔ ወንዝ ያልፋል። አቶ ማንደፍሮ ተራቸውን ሲጠብቁ ከወንዙ በኩል ጭብጨባ የመሰለ ድምፅ ሰሙ። ሰው ወድቆ እየተንፈራገጠ መስሏቸው ወረዱ። ያገኙት ክንድ የሚያህል ዓሣ ነበር። ቆዳው ከወገቡ በታች ነጥቶ ተልጧል፤ አንዱ ዓይኑ የለም፤ ሆኖም ቁርጭምጭሚት በማይሞላ ውሃ ውስጥ ሆዱን በጠጠር እየጎተተ ሽቅብ ይሄዳል። ከላያቸው አውሮፕላን ሲያርፍ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ዓሣው ግን አልቆመም።

ማታ ለወይዘሮ መንበረ «ዛሬ የሞተ ነገር ወደ ቤቱ ሲሄድ አየሁ» አሏቸው።

«ኦቨርታይም አበዛህ፤ ነገ ኦፍ ውሰድ» አሉ ወይዘሮ መንበረ።

በነጋታው እውነትም ኦፍ ወሰዱ፤ ቀኑን ግን በወንዙ ዳር ዋሉ። ሳልመን የሚባለው ይህ ዓሣ ከወንዝ ጠጠር ውስጥ ተፈልፍሎ ወደ ባሕር እንደሚወርድ፣ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ እንቁላሉን ሊጥል ሽቅብ እንደሚመለስ፣ መንገድ ከጀመረ ወዲያ እህል እንደማይቀምስና ሥጋው በቁሙ እየፈረሰ እንደሚሄድ፣ እንቁላሉን ከጣለም በኋላ እንደሚሞት ያወቁት ቀስ በቀስ ነው። በ2004 በበጎ ፈቃደኞች ሥልጠና ገብተው ዓሣ ቆጣሪ ሆኑ። የሳን ፓብሎዋ ነጃት ኢድሪስ የተዋወቀቻቸው በዚህ ሥልጠና ነው። ወላጆቿ አዲስ አበባ የኖሩ ኤርትራውያን ሲሆኑ እሷ ያን ጊዜ ስለ ዓሣ በኮሌጅ ትማር ነበር። እስከ መጨረሻው እንደ ልጅ አልተለየቻቸውም።

ቆጠራው ሁለት ዓይነት ነው። በሕይወት ያለው በዓይን ይቆጠራል፤ የሞተው ደግሞ ይለካና ሁለተኛ እንዳይቆጠር ጭራው በቢላ ተቆርጦ ወደ ውሃው ይመለሳል። አቶ ማንደፍሮ የሞተውን ጮክ ብለው ይቆጥሩ ነበር። በሕይወት ላለው ግን አፋቸውን አይከፍቱም፤ ጠጠር ከኪስ ወደ ኪስ ያዛውራሉ። ነጃት በመጀመሪያው ቀን ስቃባቸው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት በሷም ኪስ ጠጠር ነበረ።

ወደ ጓዳሉፔ ከሚገቡት ገባሮች አንዱ በካርታ ላይ ስም የሌለው፣ የቦይ ቁጥር ብቻ ያለው ትንሽ ጅረት ነው። አቶ ማንደፍሮ በእናታቸው ስም ወርቅዬ አሉት፤ እኛም ሌላ ስም አናውቅለትም። ወርቅዬ ከላይ ዛፍ ያለበት ጥሩ ጠጠር አለው። እዚያ ለመድረስ ግን ዓሣው በመንገድና በቤቶች ሥር ሦስት መቶ ሜትር በተዘረጋ የኮንክሪት ዋሻ ማለፍ አለበት። በዋሻው መጨረሻ የውሃውን ጉልበት ለመስበር የተሠራ ቀጥ ያለ የኮንክሪት እርከን አለ። አቶ ማንደፍሮ እርከኑን ለመለካት ጀርባቸውን አስደግፈው ቢቆሙ ልክ ቁመታቸው ሆነ። ከእግራቸው ሥር ባለው ኩሬ ውስጥ ሳልመኖቹ እየዘለሉ አፍንጫቸውን ከኮንክሪቱ ጋር ያጋጩ ነበር። ድምፁ ከዋሻው አፍ ድረስ ይሰማል፤ በር እንደሚያንኳኳ ሰው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፦ ያ እርከን ተሻሽሎ፣ እርሳቸው በሕይወት እያሉ፣ አንድ ሳልመን እንኳ ወደ ላይኛው ጠጠር እንዲያልፍ።

ሥራቸውን ሳይተዉ፣ ቤታቸውንም ሳይበድሉ ይህን ጥያቄ ይዘው ዞሩ። ከኮንኮርድና ከኦክላንድ ሐበሾችን ሰብስበው የቅዳሜ የእግር ጉዞ ማኅበር አቋቋሙ፤ ብዙዎቻችን ተራራ የወጣነው፣ ድንኳን የተከልነው፣ ድብ በሩቁ ያየነው በእርሳቸው ምክንያት ነው። በኦገስት 2006 ሳልመን ከውቅያኖስ የሚገባበትን መንገድ በአካል ለማወቅ ሲሉ ከወዳጃቸው ከአቶ ንጉሤ ጋር ካያክ በሚባሉ ሁለት ትንንሽ ጀልባዎች በባሕረ ሰላጤው አፍ ካለው ትልቅ ድልድይ ተነሥተው በአራት ቀን የባሕረ ሰላጤውን ደቡባዊ ጫፍ ደረሱ። በአራተኛው ቀን የባሕሩ ውሃ በየዕለቱ እንደሚያደርገው ሸሽቶ ሰው ከለቀቃቸው፣ ግማሽ አካላቸው በረግረግ ከሰመጠ አሮጌ ቤቶች አጠገብ ጭቃ ላይ ተዋቸው። አቶ ንጉሤ አገሩ ከገቡ ገና ሁለት ዓመታቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ዲቪ ሞልቼ፣ ኢንተርቪው አልፌ፣ ሜዲካል አልፌ የመጣሁት እዚህ ጭቃ ላይ ልሞት ነው?»

«አትሞትም። ውሃው ስምንት ሰዓት ላይ ይመለሳል።»

«ካልተመለሰስ?»

«ኮል እናደርግለታለን።»

እየጠበቁ ሳለ ከአንዱ ዘማማ ቤት ወለል ሥር ማንኳኳት ተሰማ። ሁለት፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ዝም። አቶ ንጉሤ አማተቡ። ውሃው ተመልሶ ወለሉን ሲሸፍን ማንኳኳቱ ቆመ። አቶ ማንደፍሮ ውሃው ሲሸሽ ተዘግቶበት የቀረ ዓሣ ነው ብለው አንድ ጠጠር አዛወሩ። «ሳታየው?» ቢሏቸው «አንኳኳ እኮ» አሉ።

ኅዳር 10 ቀን 2002 ዓ.ም. (ኖቬምበር 19፣ 2009) ሐሙስ ቀትር ላይ አቶ ማንደፍሮ ብቻቸውን ወደ ዋሻው ገቡ። ዝናብ ሊመጣ ስለ ነበር በእርከኑ ሥር ዓሣ መድረሱን አይተው ለመውጣት ነበር ሐሳባቸው። ለነጃት «አሥር ደቂቃ» የሚል መልእክት ልከውላታል። ዝናቡ ከትንበያው ቀድሞ ወረደ። ነጃት ስትደርስ መኪናቸው ቆሟል፤ ውሃው የዋሻውን ግማሽ ሞልቷል። የነፍስ አድን ሠራተኞች ዓርብ እስከ ዋሻው መታጠፊያ ገብተው ጎርፉ መለሳቸው። ቅዳሜ ጃኬታቸው ከዋሻው አፍ ሁለት መቶ ሜትር ወርዶ ተገኘ። ቅዳሜ ማምሻውን አንድ ኃላፊ፣ ከእንግዲህ የሚፈለገው አስከሬን እንደሆነ ለአቶ ንጉሤ ነገሯቸው። ወይዘሮ መንበረ እስከዚያ የሚያውቁት ባለቤታቸው እየተፈለጉ መሆናቸውን ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስንጽፍ ማንንም ለመውቀስ አይደለም። የዕድራችን ሰብሳቢ አቶ አምሐ ሽማግሌዎቹን ጠርተው መከሩ። የመኪናው ፎቶ በፌስቡክ መዞር ጀምሮ ነበር። «ሴትዮዋ መርዶዋን ከስልክ ትስማ?» አሉ አቶ አምሐ። ይህን ሰምቶ የተቃወመ አልነበረም። መርዶ ሰው ውሃ ሳይቀምስ፣ ስልክ ሳይከፍት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በሚወዱት ሰዎች አፍ እንዲነገር የአባቶቻችን ደግነት ነው። የተሳሳትነው በዚያ ደግነት ነው። እሑድ ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ስድስት ሰዎች በኦክላንድ የወይዘሮ መንበረን በር አንኳኩ። ወይዘሮ መንበረ ከፍተው ስድስቱንም አዩ፤ አንድም ቃል ሳይነገር «አትግቡ» አሉ። ገቡ።

በዚያው ቀን ቀትር ላይ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ለቅሶ ተቀመጥን። የሕይወት ታሪካቸው በጥድፊያ ተጽፎ፣ ከነፎቷቸው ሁለት መቶ ቅጂ ታትሞ ለሕዝብ ተነበበ። ወይዘሮ መንበረ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አንድ ግጥም ብቻ አወጡ፦

«ወንዝ ለወንዝ ዞረህ ስትቆጥር ዓሣ፣
አንተን ማን ቆጠረህ፣ ማን ይዞህ ይነሣ?»

በዚያ ሰዓት ነጃት ሳን ሆዜ በዋሻው አፍ ቆማ ነበር። እሑድ የቆጠራ ቀን ነው፤ ሌላ የምታደርገው ስላጣች ቢላዋን ይዛ ወደ ውሃው ገባች። ጎርፉ ጎድሎ የሞቱ ሳልመኖች ከዋሻው ይወጡ ጀምረዋል። የመጀመሪያውን ይዛ ጭራውን ልትቆርጥ ስትል ተቆርጧል። የተቆረጠው ቦታ ገና ቀይ ነበር፤ ውሃ አላነጣውም። ሁለተኛውን ያዘች፤ እሱም ተቆርጧል። ከዋሻው በላይ ቆጣሪ ገብቶ አያውቅም፤ ዋሻው ውስጥም ከሐሙስ ወዲህ የገባ ሰው የለም። ነጃት ወደ ነፍስ አድኖቹ ሮጣ በሁለት ቋንቋ ጮኸች፦ «ውስጥ ሰው አለ! እየሠራ ነው!»

አቶ ማንደፍሮን ከእርከኑ ጎን ባለ ጠባብ የኮንክሪት ጠርዝ ላይ፣ ግራ እግራቸው ተሰብሮ፣ ቢላቸውን እንደያዙ አገኟቸው። መብራታቸው ከጠፋ ሁለት ቀን ሆኖታል። ነጃት «ጋሼ፣ ምልክት መስጠትዎ ነው?» ብትላቸው ጥያቄው አልገባቸውም።

«ሞተው እየመጡ ደረቴ ላይ ያርፋሉ። ሳልቆርጥ ብለቃቸው ሁለት ጊዜ ይቆጠራሉ እኮ።»

አዳራሹ ውስጥ ንባቡ ከጋብቻቸው ላይ ደርሶ ሳለ የአቶ ንጉሤ ስልክ ጮኸ። ጥቂት ሰዎች ተቆጡ። አቶ ንጉሤ ስልኩን ይዘው ቆሙ፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ መንበረ አላለቀሱም፤ እልልም አላሉም። «ስልኩን ስጡኝ» ብለው ተቀበሉና «ማነህ?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

ስማቸውን ከነአባታቸው ሦስት ጊዜ ካስጠሯቸው በኋላ ነው መኪና አምጡ ያሉት።

ስለነዚያ ሦስት ቀናት ያልተፈቱ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ሳንጨምርና ሳንቀንስ እናስቀምጣቸዋለን። አንደኛው፣ አቶ ማንደፍሮ በጨለማው የቆረጡት አራት ዓሣ እንደ ነበር እስከ መጨረሻው በእርግጠኝነት ተናግረዋል። ነጃት የሰበሰበችውና በፎቶ ያስቀመጠችው ሰባት ነው፤ አቆራረጡ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ነው። ሁለተኛው፣ በዚያው ምሽት በሆስፒታል፣ ስለ ለቅሶው ማንም ሳይነግራቸው፣ ባለቤታቸውን «‹ማን ይዞህ ይነሣ› ያልሽው ማንን ነው?» ብለው ጠየቋቸው። ሐኪሞቹ ብርድ ያናወጠው አእምሮ ብዙ እንደሚሰማ አስረድተዋል። አቶ ንጉሤ ስልኩ ክፍት ሳለ ከአዳራሹ ለቅሶ ደርሷቸው ይሆናል ይላሉ። ወይዘሮ መንበረ ግን ግጥሙን ያወጡት ስልኩ ከመጮኹ አንድ ሰዓት አስቀድሞ እንደ ነበር ያስታውሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ግጥም አውጥተው አያውቁም።

ከዚህ በኋላ በመካከላችን ሲኖሩ የተለቀሰለት ሰው ሆነው ነው። ያስቀየማቸው ሰው አልነበረም፤ ግን እጃቸውን ሲጨብጥ ሙቀቱን የሚመዝን ብዙ ነበር። በሠርግ ላይ ከጎናቸው ያለው ወንበር ዘግይቶ ይሞላል። እርሳቸው ይህን ያውቁ ነበር፤ «ለቅሶዬ አልቋል፤ አሁን ሥራ ነው» ይሉ ነበር።

እግራቸው ሲድን የተነበበውን የሕይወት ታሪካቸውን አንድ ቅጂ ጠይቀው በቀይ እስክሪብቶ አረሙት። የአያታቸውን ስም አስተካከሉ። ካርቱም የቆዩበትን ዘመን ከሁለት ወደ ሦስት ቀየሩ። «ለዓሣ የነበራቸው ፍቅር» የሚለውን ሰርዘው «ፍቅር አይደለም፤ ቀጠሮ ነው» ብለው ጻፉበት። «ኅዳር 10 ቀን 2002 ዓ.ም. አረፉ» የሚለውን ግን አልነኩትም። ዳኒኤላ «Dad, you missed one» ብላ ሳያርሙ ያለፉትን ብታሳያቸው አይተውት «እሱን ተዪው» አሏት። ይህ ጽሑፍ በአብዛኛው ከዚያ ከታረመው ቅጂ የተወሰደ ነው።

ከ2010 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ጉዳዩ በሚታይበት ስብሰባ ሁሉ አንድም ሳያመልጣቸው ተገኝተዋል። ለተናጋሪ የሚሰጠው ሁለት ደቂቃ ነው። ሊተረጎምላቸው ሲባል እምቢ ብለው በራሳቸው እንግሊዝኛ ተናገሩ። ጉዳዩ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ተቃውሞ መሠረት የሌለው አልነበረም፤ እርከኑ ቢፈርስ ጎርፉ በላይኛው ዳርቻ ያሉትን ቤቶች መሠረት ሊሸረሽር ይችል ነበር። አቶ ማንደፍሮ ይህን ሲሰሙ የእነዚያን ቤቶች በር አንድ በአንድ አንኳኩተው ባለቤቶቹን አነጋገሩ። ተመልሰውም እርከኑ ይፍረስ ማለታቸውን ትተው ዓሣ እየዘለለ የሚያርፍባቸው አምስት ዝቅተኛ ገንዳዎች በደረጃ እንዲሠሩበት ጠየቁ። አንድ ባለሙያ ደግሞ እነዚህ ሳልመኖች ከሌላ ወንዝ መንገድ ስተው የመጡ እንጂ የዚህ ጅረት ተወላጆች አይደሉም፤ ስለዚህ የዱር ዓሣ ተብለው ሊጠበቁ አይገባም ሲል ተከራከረ። አቶ ማንደፍሮ ወደ ማይክራፎኑ ሄደው «እኔም እዚህ አልተወለድኩም። ልጄ ግን እዚህ ተወልዳለች። ጠጠሩን ስጧቸውና የሚወለዱትን ጠይቋቸው» ብለው ተቀመጡ። ከሁለት ደቂቃው ብዙ ተርፏቸው ነበር።

ድርቁ በጠናባቸው ዓመታት ወደ ወርቅዬ አንድም ዓሣ አልመጣም። እርሳቸው ግን በየሳምንቱ ደረቁን ጠጠር ተመላልሰውበታል፤ በቆጠራ ቅጹም ላይ ዜሮ እየጻፉ ፈርመዋል። አቶ ንጉሤ «ጋሼ፣ የሌለ ነገር ምን ይፈረምበታል?» ቢሏቸው «እኔ ነበርኩ እኮ» አሉ።

በ2016 የገንዳዎቹ ሥራ ተፈቀደ። በኤፕሪል 2017 ደግሞ በጉበታቸው ላይ ካንሰር ተገኘ። ሠራተኞቹ ዝናብ የሌለበትን በጋ ሙሉ ዋሻው ውስጥ ሲሠሩ፣ እርሳቸው በኦክላንድ ሆስፒታል ሲታከሙ፣ ሁለቱ ሥራዎች እንደሚሽቀዳደሙ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ገንዳዎቹ ኦክቶበር 6 ቀን ተጠናቀቁ። የቀረው ዓሣው ነበር። ዝናብ ግን አልመጣም፤ ነጃት ሦስት ጊዜ እስከ ገንዳዎቹ ድረስ ሄዳ ምንም አላገኘችም። ከእነርሱ በላይ ያለው መሬት አጥር ስላለው እስከ ኖቬምበር አጋማሽ አልተፈቀደላትም።

ወይዘሮ መንበረ ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም በሚለው ደንብ ያደጉ ናቸው። ኅዳር 2 ቀን ቅዳሜ ባለቤታቸው «አለፉ?» ብለው ሲጠይቋቸው «አልፈዋል» አሉ።

«ስንት?»

ወይዘሮ መንበረ ለትልቅ ውሸት ድፍረት አጡ። «አንዲት» አሉ። «አንዲት ሴት።»

እሑድ ነጃት መጣች። ነጃት ደግሞ አቶ ማንደፍሮ ራሳቸው ያሠለጠኗት ቆጣሪ ናት፤ ያላየችውን አይታለች ለማለት አልቻለችም። ኮሪደሩ ላይ ወይዘሮ መንበረ እጇን ይዘው ለመኗት፤ እሷም እያለቀሰች «እማማ፣ በሌላ ነገር ይዘዙኝ» አለቻቸው። ገብታ ጎንበስ ብላ «ጋሼ፣ ምንም አላለፈም። ዜሮ ነው» ብላ ነገረቻቸው። አቶ ማንደፍሮ ሰሟት። ራሳቸውን ነቅንቀው ባለቤታቸውን አዩ፤ ፈገግ አሉ። አንድ ጠጠር ጠይቀው ያዙ። የያዙት ስለ የትኛዋ ቃል እንደሆነ አልተናገሩም።

አቶ ማንደፍሮ ማክሰኞ ኅዳር 5 ቀን 2010 ዓ.ም. (ኖቬምበር 14፣ 2017) ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በተወለዱ በስልሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። አቶ አምሐ በዚህኛው ጊዜ ለማንም ከመናገራቸው በፊት ሆስፒታል ሄደው ግንባራቸውን በእጃቸው ነክተዋል።

ሐሙስ፣ ማለትም ይህ ጽሑፍ ለኅትመት ከመግባቱ አንድ ቀን በፊት፣ ፈቃዱ ስለ ደረሰ ነጃትና ዳኒኤላ በአጥሩ አልፈው ከገንዳዎቹ በላይ ወዳለው ጠጠር ወጡ። ዝናብ አሁንም አልጣለም። ከመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ከዛፍ ሥር አንዲት ሴት ሳልመን ቆማ ነበር። በጎኗ ተኝታ በጭራዋ ጠጠሩን እየገረፈች እንቁላሏን የምትጥልበትን ትቆፍራለች። ሌላ ዓሣ የለም፤ እስከ ላይኛው ድልድይ ድረስ ሄደው አረጋግጠዋል። የጭራዋ ጠርዝ ተልጦ አጥንቱ ነጥቷል፤ ጉድጓዷም የአንድ አልጋ ስፋት ደርሷል። ነጃት ይህን ያህል የሠራች ዓሣ ቢያንስ ሳምንት እዚያ እንደ ቆየች በሙያዋ ትመሰክራለች። እንግዲህ ወይዘሮ መንበረ ቅዳሜ «አንዲት ሴት» ሲሉ አልፋ ነበር። እሑድ ዜሮ ሲነገርም አልፋ ነበር። ባነሰ ውሃ አምስቱን ገንዳዎች እንዴት እንደ ወጣች የሚያውቅ የለም። ነጃት የእሑዱ ቃሏ ስህተት እንደ ነበር፣ በአቶ ማንደፍሮም በወይዘሮ መንበረም ፊት ይቅርታ እንደምትጠይቅ፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እንዲሰፍርና በሕዝብ ፊት እንዲነበብላት ራሷ ጠይቃለች። ወይዘሮ መንበረም የሰጡት መልስ አብሮ እንዲሰፍር ፈቅደዋል፦ «ልጄ፣ አንቺ ያየሽውን ነው የተናገርሽ። እኔ ነኝ ያላየሁትን የተናገርኩት፤ ከየት እንደ መጣልኝም አላውቅም።»

አቶ ማንደፍሮ ባለቤታቸውን ወይዘሮ መንበረ ኃይሉን፣ ልጃቸውን ዳኒኤላ ማንደፍሮን፣ በዝዋይ የሚኖሩ እኅታቸውንና ልጆቻቸውን፣ እንደ ልጅ የሚያዩአትን ነጃት ኢድሪስን፣ ወዳጃቸውን አቶ ንጉሤንና የቅዳሜ ተጓዦችን ሁሉ ትተውልን ሄደዋል። በሕመማቸው ለጠየቃችሁ፣ ዛሬም ከሩቅ ለመጣችሁ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

የፈጠራቸው አምላክ መንገዱ ከማይዘጋበት፣ ደጁም ሳይንኳኳ ከሚከፈትበት ስፍራ ነፍሳቸውን ያግባልን፤ ለቀረነውም መጽናናትን ይላክልን። አሜን።